ቤት ለመሥራት ላሰበ ሰው ስለ ወጪና ስለ ጉልበት አቈጣጠር

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ፥ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከፊታቸው ግድግዳው ብቻ የቆመ፥ ጣራ ያልለበሰ፥ በርና መስኮት ያልገባለት ቤት ነበር። ሰላምታ ሰጥተን ልናልፍ ስንል፥ «መምህር፥ ለአንድ አፍታ አረፍ ይበሉልኝ፤ እርስዎ ቍጥር ያውቃሉና የዚህን ቤት ነገር ያስረዱኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጃቸው በዐረብ አገር በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለእናቷ ቤት ማሠሪያ ላከች። ግንበኛው መጣ፤ ቦታውን በዓይኑ ቃኘ፤ ርዝመቱን በእርምጃ ለካና አንድ ድምር ጠራ። ባልቴቲቱም ያ ድምር ቤቱን እስከ ቁልፉ የሚያደርስ መስሏቸው ሥራው ተጀመረ። ዳሩ ግን ግድግዳው ከላይኛው ማሰሪያ እንደ ደረሰ ገንዘቡ አለቀ። ልጅቱም ይህን በሰማች ጊዜ ወደ አገሯ ልትመለስ አስባ የነበረውን ትታ፥ ውሏን ለሁለት ዓመት አራዘመች።

«እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው» አሉን። «66 ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቻለሁ፤ ደረሰኙ ይኸውልዎ። ለመሆኑ ይህ ግድግዳ 66 ኩንታል ይበላል? ሰውየው ሸጦብኝ እንጂ! ነገ ለፖሊስ ላመለክት ነው።»

እኛም፥ «እማማ፥ እስቲ አንድ ቀን ይታገሡ፤ ክሱ ከቍጥሩ በኋላ ይደርሳል» ብለን ደረሰኙን ተቀብለን ሄድን። በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ፥ ሜትርና አንድ ደብተር ይዘን ተመለስን። ያን ዕለት የቈጠርነውን ለአንባቢዎቻችን በዝርዝር የምንጽፍበትም ምክንያት አለን፤ የዚህ ዐይነት ቤት በየሰፈሩ ስለሚሠራና የባልቴቲቱ ጥያቄ በብዙ ቤተ ሰብ ውስጥ ስለሚነሣ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውቅ። በዚህ ጽሑፍ የብር ዋጋ አንጽፍም። የሲሚንቶም የቆርቆሮም ዋጋ ከወር ወደ ወር ይለዋወጣልና፥ ዛሬ የጻፍነው መጽሔቱ ከአንባቢው እጅ ሳይደርስ ሊያረጅ ይችላል። የኩንታሉ፥ የሜትር ኩቡና የሠራተኛው ቀን ቍጥር ግን ዘንድሮም ከዐሥር ዓመት በኋላም ያው ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መጠኑን ከያዘ፥ የዕለቱን ዋጋ ከገበያ ጠይቆ ማባዛት ብቻ ይቀረዋል።

የባልቴቲቱ ቤት በውጭ ሲለካ 6 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ክፍል አለው። ዙሪያው 28 ሜትር ሲሆን፥ ውስጡን የሚከፋፍሉት ግድግዳዎች ተደምረው 12 ሜትር ይሆናሉ። እንግዲህ የመሠረቱም የግድግዳውም ርዝመት 40 ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን 40 ሜትር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ሁሉም ነገር ከእርሱ ይነሣል።

በሰው ዓይን ከሚታየው ከግድግዳው እንጀምር። ቁመቱ 3 ሜትር ስለ ሆነ 40 በ3 ተባዝቶ 120 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ በርና መስኮት ይቀነሳል፤ አራት በሮች እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከ10፥ አራት መስኮቶች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው 13 ካሬ ሜትር ከጥቂት ይይዛሉ። የቀረው 107 ካሬ ሜትር ነው። የብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ይገባል፤ በመካከሉ የሚገባው ድብልቅ ቍጥሩን በጥቂት ቢቀንሰውም፥ በመጫንና በማውረድ የሚሰበረው ስለሚያካክሰው 13 ብሎ መያዝ የተሻለ ነው። ስለዚህ 1,400 ያህል ብሎኬት ይበቃል።

አሁን ሲሚንቶው። ለአንድ ካሬ ሜትር ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ 20 ሊትር ያህል የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ያስፈልጋል፤ ለ107 ካሬ ሜትር 2 ሜትር ኩብ ከጥቂት መሆኑ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ በሆነው ድብልቅ ውስጥ፥ ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ኩንታል ከ60 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይገባል። አንባቢው እዚህ ላይ፥ «አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 14 ኩንታል ይመዝናል፤ ከአምስቱ እጅ አንዱ ሲሚንቶ ከሆነ 2 ኩንታል ከ80 መሆን አልነበረበትምን?» ብሎ ቢጠይቀን ትክክል ጠየቀ እንላለን። መልሱ ግን ደረቁ ሲሚንቶና አሸዋ ውሃ ነክቶት ሲለወስ ይቀንሳልና፥ አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ለማግኘት 1 ሜትር ኩብ ከ30 በመቶ ደረቅ መያዝ ያስፈልጋል የሚል ነው። ብዙ ግምት የሚሳተው በዚህች በ30 በመቶ ነው።

እንግዲህ ያ በደጅ የቆመው ግድግዳ በሙሉ የበላው 8 ኩንታል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባልቴቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «አላልኩም!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። 66 ገዝተው 8 ብቻ ግድግዳው ላይ ከዋለ፥ ሌብነቱ የተረጋገጠ መሰላቸው። እኛም በዚያች ደቂቃ ለግንበኛው ሠግተን ነበር።

ነገር ግን ቤት ከመሬት በላይ ብቻ አይደለም። መሠረቱ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር፥ ከመሬት በታች በተለመደው 80 ሳንቲ ሜትር፥ ከመሬት በላይ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 40 ሜትር በግማሽ ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ሲባዛ 24 ሜትር ኩብ ግንብ ይወጣል። በድንጋይ ግንብ ውስጥ ከሦስት እጅ አንዱ ድብልቅ ነው፤ ድንጋይ እንደ ብሎኬት ቀጥ ያለ ፊት የለውምና በየስንጥቁ መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ 8 ሜትር ኩብ ድብልቅ፥ ይኸውም 29 ኩንታል ሲሚንቶ በመሬት ውስጥ ይቀበራል። ከግድግዳው በታችና በላይ የሚሄዱት ሁለቱ የአርማታ ማሰሪያዎች ደግሞ፥ ወርዳቸውና ቁመታቸው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ 3 ሜትር ኩብ ከጥቂት ኮንክሪት ነው፤ 10 ኩንታል ይወስዳሉ። ድምሩ 47 ሆነ። ከ66ቱ ግን ገና 19 ኩንታል ጐደለ።

በዚህ ጊዜ ግንበኛውን ማስጠራት ይገባል ብለን ላክንበት። መጣ፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ስንት ሜትር እንደ ወረደ ጠየቅነው። «መምህር፥ ሜትር ተኩል ወርጃለሁ። ከላይ ቀይ አፈር መስሎኝ ነበር፤ ሲቈፈር ዋልካ ሆነ። ጠንካራውን እስካገኝ ድረስ መውረድ ነበረብኝ» አለ። ባልቴቲቱ ግን አላመኑትም። ስለዚህ ከግድግዳው ጥግ ጠበብ ያለች ጕድጓድ አስቈፍረን መለኪያውን አወረድን። የመሠረቱ ግርጌ 1 ሜትር ከ50 ላይ ነበር።

እነሆ ቍጥሩ። ከ80 ሳንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር ከ50 ሲወረድ የሚጨመረው 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህች 70 ሳንቲ ሜትር በ40 ሜትር ርዝመትና በግማሽ ሜትር ውፍረት ስትባዛ 14 ሜትር ኩብ ግንብ፥ በሲሚንቶም 17 ኩንታል ሆነች። የግድግዳውን ሲሚንቶ ሁለት እጥፍ ያህል ከመሬት በታች ማንም ሳያያት ዋለች። 47 እና 17 ተደምሮ 64 ሆነ። በዕቃ ማስቀመጫው ጥግ ሁለት ከረጢት፥ ማለት አንድ ኩንታል፥ እርጥበት ነክቶት ድንጋይ ሆኖ አገኘነው። የቀረውን አንድ ኩንታል በማዋሐጃው ላይ የፈሰሰና በባሬላ የተንጠባጠበ እንበለው፤ ከዚህ ያነሰ ብክነት ባየንበት ግንባታ አልቆምንም።

ግንበኛው አልሰረቀም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ በዓይን ገምቶ ድምር መጥራቱ፥ ኋላም ዋልካውን ባገኘ ጊዜ ለባለቤቲቱ አለመንገሩ ነው። «ለምን አልነገርካቸውም?» ብንለው፥ «ለእማማ መናገር አፈርኩ፤ ሥራውንም የምትነጥቁኝ መሰለኝ» አለ። ባልቴቲቱም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ስምህን በየጎረቤቱ አጥፍቻለሁ ልጄ» አሉት። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን የእነርሱ ጉዳይ ነውና አንጽፈውም።

ስለ ዋልካ አንድ ቃል መጨመር አለብን፤ መረሬም ይሉታል። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ፥ በቢሾፍቱም ሜዳ በብዛት ይገኛል። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰበሰብና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤት ከእርሱ ጋር ሲነሣና ሲወርድ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል። ስለዚህ ገንዘብ ከመቈጠሩ በፊት፥ በቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ላይ የመሞከሪያ ጕድጓድ ማስቈፈር ተገቢ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ይፈጽመዋል፤ የአንድ ቀን ዋጋ ወጥቶ 17 ኩንታል የት እንደሚገባ አስቀድሞ መታወቁ ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም። ኪሳራ ካልን ዘንድ፥ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚወደው ሰው በተነገረው ምሳሌ፥ በድሮው የአማርኛ ትርጉም ይህ ቃል ወጪ ለማለት ነው የገባው። ዛሬ በገበያ ቋንቋ ኪሳራ ስንል መጥፋትን ነው፤ በትምህርት ቤት ልጆች ሁለቱን ያምታቱብናል፤ ግንባታም ላይ ሁለቱ እጅግ ይቀራረባሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ለባልቴቲቱ ገና የቀረውን ቈጠርን። ብዙ ሰው ግድግዳ ሲቆም ቤት ያለቀ ይመስለዋልና ልብ ሊባል ይገባል። ልስን ግድግዳውን በውስጥም በውጭም ስለሚለብስ 107 እጥፍ ሆኖ 214 ካሬ ሜትር ነው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 4 ሜትር ኩብ ከ28 ድብልቅ፥ በሲሚንቶ 16 ኩንታል ይፈልጋል። ግድግዳውን ያቆመው 8፥ የሚለብሰው 16! የወለሉ ኮንክሪት በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 4 ሜትር ኩብ ከ20 ይሆናል፤ እርሱም 13 ኩንታል ይወስዳል፤ በላዩ የሚደረገውን ሊሾ ሳንቈጥር ነው። እንግዲህ በደኅና አፈር ላይ የቆመ የዚህ ዐይነት ቤት በጠቅላላ 76 ኩንታል ሲፈልግ፥ በእማማ ቦታ ላይ 93 ሊሆን ነው። ከዚህ ሁሉ በደጅ የሚታየው ግድግዳ ስምንቱን ብቻ መብላቱን ስናስብ፥ ባለቤት ሁሉ ግንበኛውን ቢጠረጥር አያስደንቅም።

ጣራን በሚመለከት የራሳችንን ስሕተት እንናገር። የራሳችንን ቤት በሠራን ጊዜ፥ የቤቱ ስፋት 48 ካሬ ሜትር ነው ብለን ቆርቆሮውን በዚያው ልክ ገዛን። ሒሳብ አስተማሪ ሆነን ይህን ማድረጋችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ጣራ ከግድግዳው በየወገኑ ግማሽ ሜትር ይወጣል፤ ስለዚህ 6 በ8 የነበረው 7 በ9 ይሆናል። ደግሞም ጣራ ተዳፋት ነው፤ መካከሉ አንድ ሜትር ከፍ ቢል የአንዱ ወገን ርዝመት 3 ሜትር ከ50 መሆኑ ቀርቶ 3 ሜትር ከ64 ይሆናል። ሁለቱ ወገን በ9 ሲባዛ 65 ካሬ ሜትር ተኩል ነው። ቆርቆሮው በጎንና በጫፍ ሲደራረብ የሚጠፋውን 15 በመቶ ስንጨምርበት 75 ካሬ ሜትር ደረሰ። እኛ በ48 ገዝተን አናጢዎቹ ግማሹን መትተው ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ባለቤታችን የተናገረችውን በዚህ መጽሔት ላይ አናወጣውም።

አሁን ወደ ጉልበት እንለፍ። ሰው ሁሉ የሚከራከረው በግንበኛው የቀን ዋጋ ነው፤ የሚገባው ግን ስንት ቀን ብሎ መጠየቅ ነበር። ባየነው ልምድ አንድ ግንበኛ ከሁለት ረዳቶች ጋር በቀን 2 ሜትር ኩብ ያህል የድንጋይ ግንብ፥ 8 ካሬ ሜትር ያህል የብሎኬት ግድግዳ፥ 10 ካሬ ሜትር ያህል ልስን ይሠራል። የፈጠነም የዘገየም አለ፤ ለግምት ግን ይህ ይበቃል። በዚህ መሠረት 24 ሜትር ኩቡ የመሠረት ግንብ 12 ቀን፥ 107 ካሬ ሜትሩ ግድግዳ 13 ቀን፥ 214 ካሬ ሜትሩ ልስን 21 ቀን፥ በድምሩ 46 ቀን ይፈጃል። ሁለቱ ረዳቶች ደግሞ 92 የሠራተኛ ቀን ይሆናሉ። መሠረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድና 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 19 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል፤ አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ቢቈፍር 10 ቀን ነው። ማሰሪያዎቹንና ወለሉን ለመሙላት ለሦስት ቀን ስምንት ስምንት ሰው ቢያዝ 24 ይጨመራል። እንግዲህ የግንበኛው ቀን 46 ሲሆን የቀን ሠራተኛው 126 ደረሰ። በግንበኛው ዋጋ ላይ ግማሽ ቀን ስንጨቃጨቅ፥ የሚበዛው ወጪ በዶማና በባሬላ በኩል በዝምታ ያልፋል። አናጢው፥ ፌሮ የሚያስረው፥ ቧንቧና ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው፥ ቀለም ቀቢው ገና አልተቈጠሩም።

46 ቀን ማለት ደግሞ አንድ ወር ተኩል ማለት አይደለም። በወር አራት እሑድ አለ፤ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 እመቤታችን፥ በ29 በዓለ ወልድ አለ። እነዚህ ሰባት ቀኖች ከ30 ሲነሡ 23 ይቀራሉ፤ ስለዚህ 46 ቀን ሙሉ ሁለት ወር ነው። የሠፈሩ ታቦት ሲነግሥ፥ ለቅሶ ሲሆን፥ ግንበኛው ለዘመድ ሠርግ ወደ አገሩ ሲሄድ ይጨመራል። ኮንክሪትም የራሱ ቀን አለው፤ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጧትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የማያስብ ሰው በመጋቢት ጀምሬ በግንቦት እገባለሁ ይልና ሰኔ በጣራ አልባ ቤት ላይ ይመጣበታል፤ የቤት ኪራዩም በዚያ መካከል አይቆምም።

የጉልበት ውል በሦስት መንገድ ይደረጋል። የመጀመሪያው በቀን መክፈል ነው፤ ሥራው ይጠነቀቃል፤ ቀኑ ግን ይበዛል። ሁለተኛው በቁርጥ ነው፤ ቀኑ ያጥራል፤ ነገር ግን ልስኑ ሳይደርቅ ሁለተኛው ይደረብና ኋላ ይረግፋል። እኛ የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ይኸውም በልክ መክፈል፥ ለግንቡ በሜትር ኩብ፥ ለግድግዳውና ለልስኑ በካሬ ሜትር። እንዲህ ሲሆን መሠረቱ ሜትር ተኩል ቢወርድ ግንበኛው ድካሙ አይቀርበትም፤ መናገርም አያፍርም። ባለቤቱም ሜትር ይዞ ለክቶ ይከፍላል። ቀብድ ቢሰጥ ለመሣሪያና ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃ ብቻ ይሁን፤ የቀረው ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲያልቅ ይከፈል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ምስክሮች ይፈርሙበት። የ1952 ዓመተ ምሕረቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህ መብት የሚጠቅመው ግን ማን ምን ሊሠራ እንደ ተዋዋለ የሚያስረዳ ወረቀት ላለው ሰው ነው።

በደብተር ላይ ሳይጻፍ የሚቀር ወጪ ብዙ ነው። የግንባታ ፈቃድና የፕላን፥ የመኪና ጭነት፥ የጫኝና አውራጅ፥ ቧንቧ በሌለበት ቦታ የቦቴ ውሃ፥ የሌሊት ዘበኛ፥ የመወጣጫ እንጨት፥ ምስማርና ሽቦ፥ ለመጸዳጃ ጕድጓድ፥ ለአጥር። ዕቃው ቤት ድረስ ስንት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ እንጂ ከመደብሩ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አሸዋና ድንጋይማ ከቦታው ዋጋ ይልቅ የመንገዱ ሊበልጥ ይችላል።

በገጠር በጭቃና በእንጨት የሚሠራውም ቢሆን ያለ ወጪ አይደለም። ባሕር ዛፉ ከጓሮ፥ ጭዱ ከአውድማ፥ ጉልበቱ ከደቦ ይገኛል እንል ይሆናል። ነገር ግን ለደቦው ጠላ ይጠመቃል፤ ዳቦ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል። እናቶቻችን ለምርጊትና ለልስን ቀን ያወጡት እህል ተቈጥሮ አያውቅም፤ ቢቈጠር ኖሮ ከአናጢው ዋጋ እንዳይበልጥ እንጠረጥራለን። ጭቃውም ከጭድ ጋር ቀናት ቦክቶ ካልተረገጠ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፥ የዚያ ቀን ቍጥርም በሒሳብ ይግባ።

ስለ ዋጋ መለዋወጥ ጥቂት እንበል። በሐምሌ 2016 ዓመተ ምሕረት የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክለት ቤተ ሰብ በመጀመሪያ ተደሰተ፤ የሚቀበለው ብር በዝቷልና። ነገር ግን ፌሮውም፥ የቆርቆሮው ጥሬ ዕቃም፥ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ የደስታው ብዙ ክፍል በዚያው ተበላ። ስለዚህ ከድምሩ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ መጨመር ያስፈልጋል፤ እርሱም ሥራው ሲጀመር ለሌላ ነገር እንዳይነካ በተለየ ደብተር ይቀመጥ።

«ዋጋው ሳይጨምር ሁሉንም አሁን ልግዛው» የሚሉ አሉ። ለፌሮና ለቆርቆሮ ጠባቂና መጠለያ ካለ ይህ ደግ ነው። ለሲሚንቶ ግን አይሆንም። ሲሚንቶ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በሦስት ወር ውስጥ ጥንካሬው መቀነስ ይጀምራል። የተገዛው ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፥ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፥ ሸራ ለብሶ ይቀመጥ፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። በጣት ሲነካ የማይፈርስ ጓል ከያዘ ለማሰሪያ አይዋል።

ወደ ባልቴቲቱ እንመለስ። ያን ቅዳሜ ደብተሩ ላይ የቀረውን በሦስት ከፈልነው። አንደኛ ጣራ፥ ሁለተኛ ወለልና የውስጥ ልስን፥ ሦስተኛ የውጭ ልስን። በያንዳንዱ ሥር ኩንታሉ፥ ቆርቆሮው፥ የሠራተኛው ቀን ተጻፈ። ልጃቸውም ገንዘቡን እንደ ድሮው በጅምላ መላክ ትታ በየክፍሉ ትልክ ጀመር። ግንበኛውም ቀሪውን በልክ ተዋውሎ ተመለሰ። ክረምቱ ግድግዳውን መታው፤ ብሎኬት ስለ ሆነ ግን ቻለው። በኅዳር ጣራው ወጣ፤ ከልደት በፊት ሁለቱ ክፍሎች ተለስነው እማማ ገቡ።

የውጩ ገና ብሎኬቱ እንደ ተገለጠ ነው። ባለፈው ሰንበት ልንጠይቃቸው ሄደን ቡና ስንጠጣ ልጃቸው በስልክ ደወለች። የውሏ ጊዜ ሊያልቅ ወራት እንደ ቀሩት ነገረችንና፥ ለውጩ ልስን ስንት እንደሚያስፈልግ ጠየቀች። እኛ የውጩን 74 ካሬ ሜትር ተኩል ለማባዛት እርሳስ ስንፈልግ፥ እማማ ሲኒውን ሳያስቀምጡ፥ «5 ኩንታል ተኩል፥ የግንበኛ ደግሞ ስምንት ቀን» ብለው መለሱላት።